ጥይት የጨረሰው አክተር

«ማክጋይቨር»ን በልጅነቴ ያየሁት በሁለት ቋንቋ ሲሆን፣ ሁለቱንም አልሰማም ነበር። ተዋንያኑ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ደግሞ ዐረብኛ። ካሴቶቹ ከጅዳ በሻንጣ የመጡ፣ ከቴሌቪዥን ላይ የተቀዱ፣ ብዙ ከመታየታቸው የተነሣ ምስላቸው ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል ነበሩ። ያም ሆኖ እኛ ሰፈር፣ ነፋስ ስልክ፣ የፊልሙን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ የማይችል የእኔ እኩያ አልነበረም። እንዴት አወቃችሁት? ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ሰው ነገረን። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ፣ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ጎረምሳ፣ ከዴኩ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር።

ዘንድሮ ሰባቱንም ምዕራፍ፣ 139ኙንም ክፍል፣ በጽሞና ተቀምጬ አየሁ። ጥቂት ወራት ፈጀብኝ። የማውቀውን ፊልም እንደገና አያለሁ ብዬ ጀምሬ ሌላ ፊልም ነው ያየሁት። ታሪኩ ያው ነው፤ ሰውዬው ያው ነው፤ ፀጉሩም እንደዚያው ከኋላ የረዘመ ነው። ነገር ግን ልጁ የተረጎመልን ድርሰትና አሜሪካኖቹ የጻፉት ድርሰት በአንድ ዋና ነገር ላይ ተለያይተው አገኘኋቸው። ይህ ጽሑፍም የሁለቱ ንጽጽር ነው። አንደኛው በወረቀት ያልሰፈረ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተነግሮ የቀረ ሥራ ስለሆነ ምስክሩ የእኔና የጥቂት የሰፈር ጓደኞቼ ጆሮ ብቻ ነው።

ፊልሙን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። «ማክጋይቨር» በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1985 እስከ 1992 የታየ የጀብዱ ተከታታይ ፊልም ነው። የጠነሰሰው ሊ ዴቪድ ዝሎቶፍ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሪቻርድ ዲን አንደርሰን ተጫውቶታል። ማክጋይቨር ፊኒክስ ለሚባል ድርጅት የሚሠራ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ነው። ይላካል፣ ይያዛል፣ ይታሰራል፤ በእጁ ከስዊስ ሰንጢና ከፕላስተር ጥቅል በቀር ምንም የለውም። ከዚያ በኋላ ከአካባቢው የሚያገኘውን ዕቃ፣ ሽቦም ይሁን መጥረጊያ፣ ቁልፍም ይሁን የሻማ ጭራሽ፣ አገጣጥሞ ነፍሱን ያተርፋል። ስሙ በእንግሊዝኛ ግሥ እስከ መሆን ደርሷል፤ ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመዝገበ ቃላቱ ገጾች በአንዱ አስገብቶታል።

እኛ ዘንድ የገባው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ይፈላ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ሦስት አራት አግዳሚ፤ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። ስሙኒ ለትንንሾች፣ ሽልንግ ለትልልቆች። የቆመ ይቆማል፣ መሬት የተቀመጠ ይቀመጣል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ስለተሸፈነ ሙቀቱ አይጣል ነው። የሕንድ ፊልም ያለ ትርጉም ይገባል፤ ልቅሶው፣ ዘፈኑ፣ ድብድቡ ራሱን ያስረዳል። ራምቦም እንደዚሁ። ማክጋይቨር ግን ያስቸግራል። ሰውዬው ብዙ ያወራል። ለራሱ ያወራል፤ ከምስሉ ኋላ ሆኖ የሚያስበውን ይነግረናል፤ ስለ አያቱ ያነሣል፤ ስለ አሲድና ስለ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ተርጓሚ ካልተገኘለት ፊልሙ አንድ ሰው ሽቦ ሲያጣምም መዋል ብቻ ሊሆን ነው።

ተርጓሚያችን እንግሊዝኛው እስከዚህም ነበር። ይህን ዛሬ በድፍረት መናገር እችላለሁ፤ እያንዳንዱን ክፍል ሳይ የእሱ አማርኛ ከጆሮዬ ስላልጠፋ አነጻጽሬዋለሁና። አንድ አረፍተ ነገር ከሰማ ሦስት ይጨምራል። የማያውቀው ነገር ከገጠመው ዝም አይልም። ማክጋይቨር ሁለት ዱቄት ሲቀላቅል «ባሩድ ነው» ይላል፤ ሁልጊዜም ባሩድ ነው። (የሚገርመው፣ የፊልሙ ሠሪዎች አደገኛ የሆኑትን ቅመማዎች ሲያሳዩ ልጆች ቤታቸው እንዳይሞክሩ አንዱን ንጥረ ነገር ሆን ብለው ይተውት ነበር። እነሱ የቀነሱትን የኛ ልጅ ይጨምርልን ነበር ማለት ነው።) የክፉዎቹን ስም በሙሉ በራሱ አወጣላቸው። የማክጋይቨር አለቃ ፒት ቶርንተን በእሱ አማርኛ «ሻለቃው» ነበር፤ ወታደር አለመሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ከመሬት በታች ያለ ቤተ ሙከራ ይፈርሳል። ሰልፈሪክ አሲድ ከተቀደደ ጋን እየፈሰሰ ወደ ታች ይወርዳል። ማክጋይቨር ከኪሱ ቸኮሌት አውጥቶ እየሰባበረ ቀዳዳው ላይ ይለጥፋል፤ በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው ስኳር ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ወደ ወፍራም ካርቦን ተለውጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ኬሚስትሪው ልክ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የተነሣው ጩኸት ግን የኬሚስትሪ አልነበረም። ያ ሁሉ ቸኮሌት! አንዱ ልጅ «ቢያንስ ግማሹን ይብላው» ማለቱ ለሳምንት መሳቂያ ሆኖ ከርሟል። ዛሬ ትዕይንቱን ሳየው ረጋ ያለ፣ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ነው። የእጁን ሥራ ካሜራው በትዕግሥት ይከተላል፤ አይቸኩልም። ያለ ቋንቋ ያስቀመጠን ይህ የእጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። እጅ ተርጓሚ አይፈልግም።

ለማወቅ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ ፊልሙ ራሱ ከቁርጥራጭ የተሠራ መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በቡዳፔስት የሚደረግ የመኪና ማባረር አለ፤ ትንንሾቹ መኪኖች በደረጃ ሲወርዱ፣ በቱቦ ውስጥ ሲያልፉ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ያ ትዕይንት በአብዛኛው «ዘ ኢታሊያን ጆብ» ከሚባለው እ.ኤ.አ. የ1969 ፊልም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። በአማዞን ጫካ እርሻ የሚበሉት የጉንዳን መንጋዎችም እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው፣ ቻርልተን ሄስተን ከተጫወተበት «ዘ ኔክድ ጃንግል» የመጡ ናቸው። ገንዘብ ሲያጥር ከስቱዲዮው መጋዘን አሮጌ ፊልም አውጥተው፣ ጀግናቸውን በመሐል ሰክተው፣ ሰፍተው አወጡት። ይህን ሳውቅ ፊልሙ አልረከሰብኝም፤ ይበልጥ ወደድሁት። ጀግናው በትዕይንቱ ውስጥ የሚሠራውን ሠሪዎቹ በአርትዖት ክፍላቸው ሠርተውታል።

ያልወደድሁት ሌላ ነው። ማክጋይቨር ከአሜሪካ ሲወጣ ዓለም በሙሉ አንድ መንደር ይሆናል። ከሦስተኛው ምዕራፍ እስከ ስድስተኛው ቀረጻው በካናዳ፣ በቫንኩቨር ስለነበር፣ የምሥራቅ አውሮፓውም የእስያውም ጫካ ያው የካናዳ ጥድ ነው። ይህስ የገንዘብ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። የማይታለፈው የሰዎቹ ነገር ነው። በየአገሩ ያሉ ገበሬዎችና አንጥረኞች፣ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች፣ የገዛ ጎተራቸውን ዕቃ መጠቀም አቅቷቸው ባለ ረጅም ፀጉሩ ፈረንጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እሱ በአምስት ደቂቃ ያገኘውን እነሱ በሰባት ትውልድ አላዩትም። በልጅነት ይህ አይታይም፤ ልጅ ሁልጊዜ ከአክተሩ ጋር ነው። አሁን ግን ዓይኔ ከኋላ ቆመው በአድናቆት ወደሚያዩት ሰዎች ይሄዳል። የቀዝቃዛው ጦርነት ነገርም አለ። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማክጋይቨር አፍጋኒስታን ይሄዳል፤ ይቆስላል፤ አንዲት አፍጋን ሴትና ልጇ ይደብቁታል፤ የሚያሳድዱት ሶቪየቶች ናቸው። ያ ክፍል ሲሠራ እኛ የሞስኮ ወዳጆች ነበርን፤ አብዮት አደባባይ ላይ የማን ምስሎች ተሰቅለው እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ተርጓሚያችን ይህን እንዴት አለፈው? «አረቦች ናቸው» ብሎ። ዐረብኛው ጽሑፍ ከሥር እየሮጠ ስለነበር ማንም አልጠየቀውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልዩነት ልምጣ።

ማክጋይቨር ጠመንጃ አይዝም። ሽጉጥ ሲሰጡት አይቀበልም፤ እጁ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ አይተኩስበትም። ይህ የፊልሙ ጌጥ ሳይሆን ምሰሶው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ሽቦው፣ ፕላስተሩ፣ ቸኮሌቱ፣ ከዚህ እምቢታ የሚወለድ ነው፤ መተኮስ ቢፈቅድማ ኖሮ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር። በአራተኛው ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በታየ አንድ ክፍል፣ ምክንያቱ ይነገራል። ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በሽጉጥ ሲጫወቱ ሽጉጡ ባርቆ ከመካከላቸው አንዱን ገደለ። ማክጋይቨር ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ያንን ቀን ያስታውሳል። ክፍሉ እንደ ጀብዱ ደካማ ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጡት ወንበዴዎች ለሥርዓት ያህል የገቡ ናቸው። ልጆቹ ያሉበት ትዝታ ግን ከሰባቱ ምዕራፎች ሁሉ የበለጠ የተያዘ፣ የተቆጠበ አጻጻፍ ያለው ነው። ማንም አይጮህም። ሽጉጡ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝምታ ነው።

ይህ ክፍል ከጅዳ ከመጡት ካሴቶች አንዱ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ልጁ ሲወድቅ አስታውሳለሁ። በኛ አማርኛ ያ ልጅ የማክጋይቨር ወንድም ነበር፤ የገደሉትም ወንበዴዎች ናቸው፤ ማክጋይቨርም የወንድሙን ደም ለመመለስ ነው የሚዞረው። በየክፍሉ ጠመንጃ የማይዝበትን ምክንያት ስንጠይቀው ደግሞ ተርጓሚያችን የማያወላውል መልስ ነበረው፦

«ጥይት ጨርሷል።»

ሁልጊዜ ጥይት ጨርሷል። 139 ክፍል ሙሉ ጥይት የጨረሰ ሰው! ማንኛችንም አልተጠራጠርንም። አክተር አይሞትም፣ አክተር አይፈራም፤ ጠመንጃ ካልያዘ ጥይት አልቆበት መሆን አለበት እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ይህ ሲተረጎምልን የነበረበትን ሰፈርና ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን፣ ነፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ስፍር ቁጥር የሌለው መሣሪያ የታጨቀበት መጋዘን በመኖሪያ ቤትና በፋብሪካ መካከል ነበር የቆመው። የሞተው ሰው ብዙ ነው። በ1977ቱ ረሃብ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ፍንዳታውን ሊቀርጽ ሄዶ አንድ እጁን አጣ፤ ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ከዚያ በኋላ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ መያዝ ተምሮ ወደ ሥራው ተመልሷል። እኛ ልጆቹ ለወራት የሰማነው ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ የወደቀ ብረት እንዳታነሡ። ወደ ቪዲዮ ቤቱ የምንሄደው ይህን ምክር በጆሯችን ይዘን ነው። ጥይት ያኔ ያላለቀበት ቢኖር የኛ ሰፈር ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቡ። ያ ሁሉ ልጅ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሰፈር፣ በዓለም ላይ በፈቃዱ መሣሪያ የማይነካውን አንድ የጀብዱ ጀግና ለማየት ስሙኒውን ከፍሎ ይገባል። ጀግናው በየሳምንቱ እምቢ ይላል። እምቢታው ግን ወደ እኛ አይደርስም። በመካከል የቆመው ልጅ «ጨርሷል» ይለናል።

ለመፍረድ አልቸኩልም። ተርጓሚውን አሁን በሃያሲ ዓይን ሳየው፣ ከቋንቋ ድክመት የመጣ ስህተት ብቻ አልሠራም። አድማጮቹን ያውቅ ነበር። እኛ ዘንድ ጀግና ማለት ከነመሣሪያው ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያት ፎቶግራፍ ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ነው። ፉከራው፣ ሽለላው፣ ቀረርቶው ለጠመንጃ የሚያወጣው የቁልምጫ ስም ለሚስት ከሚወጣው ይበዛል። በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይተኮሳል። በዚህ ባህል ውስጥ ያደገን ልጅ «ይህ ሰው ጠመንጃ አይወድም» ብትለው የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ፈሪ። ተርጓሚያችን አክተሩን ከዚህ ስድብ አዳነው። ጠመንጃ የማይወድ ጀግና በአማርኛ ቦታ ስላልነበረው ቦታ ያለው ጀግና አደረገልን፤ የቸገረው ጀግና።

የቸገረው ጀግና ደግሞ የቅርብ ዘመዳችን ነበር። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጣሳ፣ በርሜል፣ የመኪና ጎማ፣ የተሰበረ አልጋ እዚያ ይራገፋል፤ እዚያ ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይጠጋገናል። ከጣሳው ኩራዝ፣ ከበርሜሉ ምድጃ፣ ከጎማው በረባሶ ይወጣል። እኛም የሽቦ መኪና የነዳን፣ የጨርቅ ኳስ የለጋን ልጆች ነን። በጠላት እጅ ወድቆ ከመጥረጊያ እንጨትና ከገመድ መሣሪያ የሚሠራው ሰው ቀልባችንን የወሰደው እንግዳ ስለሆነ አልነበረም። ድህነታችንን ነው በአክተር መልክ ያሳየን። ምናለሽ ተራ ያለው ሰውዬ ጣሳ የሚቀጠቅጠው አዲስ ዕቃ መግዣ ስለጨረሰ ነው፤ ማክጋይቨርም ጥይት ስለጨረሰ ነው። ሁለቱ ተመሳሰሉልን። «ጨርሷል» የምትለዋ ቃል ባትኖር ኖሮ ያን ያህል እንወደው ነበር ማለት ይከብደኛል።

ነገር ግን ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ አሁን ሳየው ይታየኛል። ማክጋይቨር የሠራውን ጥሎት ይሄዳል። እያንዳንዱ ፈጠራው አንዴ ሠርቶ የሚቀር ነው፤ በሩ ከተከፈተ፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ወደ ኋላ አያይም። የእሱ ጥበብ የማምለጫ ጥበብ ነው። የምናለሽ ተራው ምድጃ ግን ነገም እንጀራ ይጋገርበታል፤ ቢቀደድ ይመለስና ይበየዳል። የመቆያ ጥበብ ነው። አሜሪካኖቹ ጀብዱ ሊጽፉለት የቻሉት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚጽፍልን ሰው በእኛም ቴሌቪዥን እስካሁን አላየሁም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የልጆች ድርሻ ሆኖ የኖረው በዋናነት ተረት ነው፤ አባባ ተስፋዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጥንቸሏንና አንበሳውን እያናገሩ ትውልድ አሳድገዋል፤ ከሳቸው የበለጠ ተራኪም አላየንም። የጀብዱው ቦታ ግን ባዶ ነበር፤ ባዶውን የሞላው ቪዲዮ ቤቱ ነው።

ከልጅነቴ ካሴቶች ውስጥ ያልነበረ፣ በዚህ እድሜዬ ከሁሉ በላይ የያዘኝ ነገር ደግሞ የ«ሻለቃው» ታሪክ ነው። ፒት ቶርንተንን የተጫወተው ዴና ኤልካር ፊልሙ እየተሠራ ሳለ ግላኮማ ያዘው፤ ዓይኑ ቀስ በቀስ ይጠፋ ጀመር። ሠሪዎቹ በሌላ ተዋናይ አልተኩትም። ሕመሙን ለገጸ ባሕርይውም ሰጡት። በስድስተኛው ምዕራፍ ፒት ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ያውቃል፤ በሰባተኛው ነጭ በትር ይዞ ይታያል። ማክጋይቨር ሽቦ ሊያጣምምለት፣ ቸኮሌት ሊለጥፍለት የማይችለው ነገር ይህ ብቻ ነው። ፊልሙም ይህን ያውቃል፤ ማክጋይቨር ክንዱን አውሶት አብሮት ከመሄድ በቀር የሚያደርግለት የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲራመዱ የሚያሳዩት አጫጭር ትዕይንቶች ከየትኛውም ፍንዳታ በላይ ልብ ይሰቅላሉ። ተዋናዩ ይጫወተው፣ ይኑረው፣ መለየት አይቻልም። ያ ጎረምሳ ይህን እንዴት ይተረጉመው ነበር እያልሁ አስቤአለሁ። ምናልባት ዝም ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 በሌላ ጣቢያ አዲስ «ማክጋይቨር» ተሠርቷል። ወጣቱ ሉካስ ቲል ጥሩ ልጅ ነው፤ ሽቦውን ያጣምማል፣ ፕላስተሩን ይለጥፋል። ይሁንና አጠገቡ አንድ ሰው አቁመውለታል፤ የቀድሞ ወታደር፣ አነጣጣሪ ተኳሽ። ልጁ ሲያስብ ጓደኛው ይተኩስለታል። ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ከ30 ዓመት በኋላ የደረሱት የኛ ሰፈር ተርጓሚ በ1984 ከደረሰበት ቦታ መሆኑ ነው፤ እነሱም ጠመንጃ የሌለው ጀግና ብቻውን እንዲቆም አልደፈሩም።

ዛሬ ልጆቻችን የውጭ ፊልም የሚያዩት በሌላ መንገድ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ብዙ አከራክሯል፤ የአገር ውስጥ ተዋንያንና ደራስያን እንጀራቸውን እንደሚነካ፣ ባህልንም እንደሚሸረሽር ተናግረዋል። ያ ክርክር የተካሄደው ምን ይተርጎም በሚለው ላይ ነበር። እንዴት ይተርጎም የሚለውን ያነሣ ብዙ ሰው አልሰማሁም። ባለሙያ ተርጓሚ፣ ባለሙያ ድምፅ፣ ጥሩ ስቱዲዮ አለ፤ ታዲያ «ማክጋይቨር»ን በአማርኛ ለማቅረብ የተነሣ ሰው ያቺን አንዲት ንግግር ምን ያደርጋታል? ጀግናው ጠመንጃ ሲሰጡት የሚናገራትን ማለቴ ነው። እንግሊዝኛዋ ቀላል ነች፤ ጠመንጃ እንደማይወድ ነው የሚገልጸው።

«ጠመንጃ አልወድም» ብንል በቃል ደረጃ ትክክል ነው፤ በጆሮ ግን ሽሮ አልወድም፣ ጎመን አልወድም እንደሚል ልጅ ይሆናል። ምግብ የሚያማርጥ እንጂ ጓደኛው ፊቱ የሞተበት ሰው አይመስልም። «መሣሪያ አልይዝም» የሚለው መሐላ ይመስላል፤ መነኩሴ ያደርገዋል፤ ማክጋይቨር ደግሞ ቀልደኛ ነው፣ መነኩሴ አይደለም። «ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል» ትዕቢት አለበት፤ ፉከራ ነው በሌላ በኩል። ብዙ ካወጣሁ ካወረድሁ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ቃል ነች፤ እናቶቻችን ሁለተኛ ጉርሻ ሲቀርብላቸው፣ አባቶቻችን ሹመት ወይም ሙግት ሲመጣባቸው የሚሏት። ጠመንጃው ሲዘረጋለት እጁን ወደ ደረቱ መለስ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣

«ይቅርብኝ።»